12 ፍየል ሰጠናቸው፤ ለምን አልበቃም?

ከኒሙሌ ወደ ጁባ ፍየል ጭኖ ሲመጣ የተገለበጠውን አይሱዙ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሾፌሩ በጭረት ተረፈ። ረዳቱ ግን እንደ ልማዳችን ፍየሎቹን ለመጠበቅ ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ ነበርና ቀኝ እግሩ በመኪናው ጎን ተይዞ ቀረ፤ ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ስሙን አልጽፍም። እሱና ባለቤቱ ታሪኩ እንዲነገር ፈቅደዋል፣ ስማቸው በገበያ እንዲዞር ግን አልፈለጉም።

በዚያ ሳምንት ነጋዴው እጁን አልሰበሰበም። የሕክምናው ወጪ በአንድ ቀን ተዋጣ። ቀጥሎ «ቤተሰቡ ይቋቋምበት» ተብሎ 12 ፍየል ተገዛ፤ 10 እንስት፣ 2 ወጠጤ። ጥርሳቸውን እያየሁ የመረጥኳቸው እኔ ነበርኩ። አስረክበን፣ ተመርቀን ተመለስን።

ከሰባት ወር በኋላ ጉምቦ ወደሚገኘው ቤታቸው ስሄድ በረቱ ውስጥ ያገኘሁት ሁለት ፍየል ነው። የ11 ዓመቷ ልጃቸው በትምህርት ሰዓት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። «በሽታ ገባ እንዴ?» ብዬ እናቲቱን ጠየቅኋት።

«አይ ዶክተር፣ አልሞቱብንም። በልተናቸው ነው።»

ቃሉን በሀፍረት አልተናገረችውም። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ፦ ሁለቱ ለቤት ኪራይ፣ አንዱ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ለመድኃኒት፣ አንዱ ሐኪም ቤት ለመመላለሻ፣ አራቱ ለዱቄትና ለዘይት፣ አንዱ ለዕዳ፣ አንዱ ደግሞ ጠፍቶ የቀረ። ከተሸጡት አብዛኞቹ የተሸጡት ገዢው ቸግሯት እንደመጣች እያወቀ ነው። እናንተ ነጋዴዎች ናችሁ፤ ለተቸገረ ሻጭ ምን ዋጋ እንደሚሰጥ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ከጫንነው ውስጥ አምስት ፍየል ቢሞት የት እንደሞተ፣ ለምን እንደሞተ ተቀምጠን እንቆጥራለን። የለገስነው ሲጠፋ ግን «አያያዝ አያውቁም» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። በዚህ ቤት የተሳሳትነው እኛ ነበርን፤ ከሁሉም በላይ ሙያው የኔ ነበርና እኔ። ሂሳቡን እንየው። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ እስከ ወር መጨረሻ እንኳ ባለበት ስለማይቆይ በፍየል እየቆጠርኩ እሄዳለሁ።

አንድ ሰው ተጎዳ፤ የሦስት ሰው ሥራ ቆመ

ከአደጋው በፊት ይህ ቤት ሁለት ገቢ ነበረው። እሱ በጉዞ ቁጥር ይከፈለዋል፤ እሷ ከገበያው አጠገብ ቡና ታፈላለች። ልጅቷ ትማራለች፣ ሁለቱ ትንንሾች ቤት ይውላሉ። እኛ «ወንድማችን ሥራ አቆመ» ብለን የቆጠርነው የአንድ ሰው ገቢ ብቻ ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። እሱን ማጠብ፣ ማንሣት፣ ቁስሉን ማስቀየር፣ ሐኪም ቤት ወስዶ ሰልፍ መያዝ የሙሉ ቀን ሥራ ሆነ። እናትየው የቡናውን ቦታ በሁለተኛው ሳምንት ዘጋችው። ቦታው ደግሞ ባዶ አያድርም፤ ሌላ ሰው ያዘው፤ ደንበኞቿም ሄዱ። ያን ጊዜ እኛ 12 ፍየል ይዘን ደረስን። ፍየል ጠባቂ ይፈልጋል። ጠባቂ የሚሆን ማን ቀረ? ልጅቷ።

ውኃውን ብቻ ውሰዱ። በጁባ ሙቀት አንድ ፍየል በቀን እስከ አምስት ሊትር ይጠጣል። 12 ፍየል 60 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን። ይህ አምስት ሰው ከሚጠጣው፣ ከሚያበስልበትና ቁስል ከሚታጠብበት ውኃ በላይ የሚጨመር ነው። ውኃ በቦቴ እየተገዛ በሚጠጣበት ሰፈር ሦስት ጀሪካን ወይ ገንዘብ ነው፣ ወይ የልጅ ጀርባ። አንዳንዶቻችሁ «ፍየል ባይሆን ላም ይሻል ነበር» ትሉ ይሆናል። ላም በዚህ ሙቀት ለብቻዋ በቀን 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ሁለት ላም ከ12ቱ ፍየል የበለጠ ውኃ ትፈልጋለች፤ መኖውን ሳንቆጥር።

ስለዚህ የተጎዳ ቤተሰብ ዘንድ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት እንስሳ እንስጥ?» ሳይሆን «እዚህ ቤት ጠዋት ተነሥቶ ሥራ የሚሄድ ጤነኛ ሰው ስንት ቀረ?» የሚለው ነው። መልሱ ዜሮ ከሆነ እንስሳ መስጠት በሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው።

የፍየል ሆድ አይቸኩልም

ሁለተኛው ስህተታችን የጊዜ ነበር። ፍየል የምታረግዘው አምስት ወር ገደማ ነው። በተረከቡ ማግስት ብትጠቃ እንኳ የመጀመሪያው ግልገል የሚወለደው በአምስተኛው ወር መጨረሻ ነው። ግልገሉ እናንተ በወጉ የምትገዙት ፍየል እስኪሆን ደግሞ ከስምንት ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። ደምሩት፦ ከስጦታው ቀን እስከ መጀመሪያው ደህና ሽያጭ ከ13 እስከ 17 ወር። ላም ከዘጠኝ ወር በላይ ታረግዛለች፤ የአገሩ ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን ለማየት አራት ዓመት ያህል ልትቆይ ትችላለች።

ቤተሰቡ የሚበላው ግን ዛሬ ማታ ነው። በመካከሉ ላለው ከዓመት በላይ ለሆነ ጊዜ ምንም አላስቀመጥንም። ስለዚህ እናቶቹን በሏቸው። ሌላ ምን ይብሉ?

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በአደጋ ጊዜ የእንስሳት እርዳታ እንዴት ይሰጥ ለሚለው እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ በሙያችን «ሌግስ» እያልን የምንጠራው፣ እንስሳ ማደልን ከአማራጮቹ ሁሉ ውድና አስቸጋሪ ከሚላቸው ይመድበዋል። መንጋው ራሱን እስኪችል ቤተሰቡ የሚበላው ከሌላ መምጣት አለበት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገር የተካሄደው ትልቅ ጥናትም ድሃ ቤተሰብን በዘላቂነት ያነሣው ሀብት፣ ለተወሰነ ጊዜ የምግብ ድጎማ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና ተደጋጋሚ የቤት ጉብኝት አንድ ላይ ሲሰጥ እንደነበር አሳይቷል። ከዚሁ ከደቡብ ሱዳን፣ ከየኢ፣ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ያገኙትንና ሙሉውን ጥቅል ያገኙትን አነጻጽሯል። የሁለቱም ኑሮ ለጊዜው ተሻሻለ፤ ሀብቱ የሰነበተው ግን ጥቅሉን ባገኙት ዘንድ ነበር። ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። ለወንድሜ ፍየል ስመርጥ ግን ትዝ አላለኝም።

ስለ ግዢውም አንድ ነገር ልበል። ፍየሎቹን የገዛነው ከአራት የተለያዩ ሻጮች፣ በገበያ ቀን ነው። በጎችንና ፍየሎችን የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታ የሚዛመተው እንዲህ ባለ ቅልቅል ነው። ዕድል ሆኖ አልገባም። እንዲህ ያለ ስጦታ የምትሰጡ ከሆነ ከምታውቁት ከአንድ መንጋ፣ የተከተበ፣ ለሦስት ሳምንት ለብቻው ተለይቶ የቆየ ፍየል ግዙ። ክትባቱ ሦስት ዓመት ያህል ይጠብቃል።

ካሳ ይገባዋል ወይ?

በዚህ ጉዳይ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። በደቡብ ሱዳን ለአካል ጉዳት በከብት መካስ የቆየ ሥርዓት ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ በኑዌር ዘንድ ለተሰበረ እግር አሥር ከብት፣ ለጠፋ ዓይንም አሥር ከብት ካሳ እንደሚቆጠር ጽፏል። የዲንካም ልማዳዊ ሕግ ካሳን በከብት ይቆጥራል። ይህን የምታውቁ ነጋዴዎች «እግር ዋጋ አለው፣ ይከፈል» ስትሉ ትክክል ናችሁ። የምጨምረው ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ካሳው በዘመድ መንጋ ውስጥ ገብቶ ሩቅ ከቀረ ጁባ ላይ ኪራይ አይከፍልም። ሽማግሌ ስትሆኑ ከካሳው የተወሰነው እጅ ላይ በሚገባ ነገር እንዲሆን ተነጋገሩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለተቀጠረ ሠራተኛ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። ሥራ ላይ የተጎዳና በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ ከሆነ አሠሪው የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይከፍላል፤ ጉዳቱ ከዚያ ያነሰ ከሆነ እንደ ጉዳቱ መጠን። ችግሩ ያለው ከማስረጃው ነው። የእኛ ረዳቶችና ከብት ነጂዎች በቃል ነው የሚቀጠሩት። ደመወዙ ስንት እንደነበር ማስረዳት ያልቻለ ሰው አምስት እጥፉን ከየት ያመጣዋል? በዚህኛው አደጋ የመኪናው ባለቤት «ረዳቱን የቀጠረው ሾፌሩ ነው» አለ፤ ሾፌሩ «ባለቤቱ ነው» አለ። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት አንዲት ገጽ ወረቀት ጻፉ፦ የሰውየው ስም፣ የሚከፈለው፣ የጀመረበት ቀን፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ክፍያውን በስልክ የምትልኩ ከሆነ መልእክቱን አታጥፉ። የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ከድንበሩ ማዶ ይሠራ እንደሆነ፣ ጭነት ላይ የተቀመጠ ሰውንም ይሸፍን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሰው ጭነት ላይ አለማስቀመጥ ነው። 192 ኪሎ ሜትሩ የጁባ–ኒሙሌ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልቱ ካለቀ ወዲህ ጉዞው አጠረ፤ ፍጥነቱም ጨመረ።

ሰው ሠራሽ እግሩ

ጁባ ውስጥ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ የሚሠራ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ በዋውና በሩምቤክም እንዲሁ። በጋምቤላ በኩል የምትነግዱም እዚያ ኮሚቴው ሲደግፈው የቆየ ማዕከል እንዳለ ታውቃላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ዕቃ እንዳላቸውና ቀጠሮ እንደሚሰጡ ደውላችሁ ወይም ሰው ልካችሁ አረጋግጡ። ወንድማችን ለእግሩ ክፍያ አልተጠየቀም፤ ያጣው የመመላለሻ ገንዘብ ነበር።

ብዙ ሰው ሰው ሠራሽ እግር በአንድ ቀን የሚገዛ ጫማ ይመስለዋል። ቁስሉ መዳን፣ እብጠቱም መውረድ አለበት። ከተገጠመም በኋላ ጉምዱ እየሳሳ ስለሚሄድ የመጀመሪያው ማቀፊያ ይሰፋና እንደገና ይሠራል። ለአዋቂ ሰው በየሁለትና ሦስት ዓመቱ መቀየር የተለመደ ነው። እስከዚያ ጉልበቱን በየቀኑ ካላዘረጋ መገጣጠሚያው ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ጉልበት እግር አይቀበልም። ይህን በሁለተኛው ሳምንት የነገረው ቢኖር ሦስት ወር ባላባከነ ነበር።

ጉዳቱ አከርካሪ ላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሰውየው ስለማይሰማው በተኛበት ይቆስላል፤ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል። እንዲህ ላለ ቤት መጀመሪያ የሚገዛው ወፍራም ፍራሽና ትራስ ነው። ፍየሉ ይቆይ።

ሁለተኛው ዙር

ከዚያ ጉብኝት በኋላ ሀጂ የምንላቸው ትልቅ ነጋዴ፣ ሁለት የጉምቦ ሽማግሌዎችና እኔ ከባልና ሚስቱ ጋር ተቀመጥን። ሀጂ ዝም ብለው ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ከመቆሰልህ በፊት እኔ ለምን እፈልግህ ነበር?»

«ሰው ስለማውቅ ነበር፣ አባ» አላቸው።

እውነት ነው። የጁባን ዓረብኛ ይናገራል፤ ከኒሙሌ እስከ ጉምቦ ያለውን ሾፌር ሁሉ ያውቃል፤ የማንዳሪውን፣ የዲንካውንና የኡጋንዳውን ሻጭ በስም ይጠራል። የተቆረጠው እግሩ ነው። ይህ ዕውቀቱ አልተነካም፤ እኛ ግን ዕውቀቱን ትተን እረኛ ልናደርገው ሞክረን ነበር።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ለስድስት ወር የዱቄትና የኪራይ ወጪ በወር የሁለት ፍየል ዋጋ ይሸፈናል፤ 12 ፍየል። እናትየው የቡና ቦታ እንድታገኝና ጠዋት ጠዋት እሱን የምትረዳ ጎረቤት እንድትከፈል 3 ፍየል። ወደ ተሃድሶ ማዕከሉ ለመመላለሻ 2 ፍየል። ለገመድ፣ ለጨውና ለድርቆሽ መነሻ 2 ፍየል። ጠቅላላው የ19 ፍየል ዋጋ ነው፤ የመጀመሪያው 12 ቢጨመርበት በአንድ ጊዜ ሊሠራ ይችል የነበረውን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ በሆነ ወጪ ሠራነው።

የእሱ ሥራ በማራገፊያው በረት በር ላይ ተቀምጦ መቁጠር ሆነ። መኪና ሲራገፍ ቁጥሩን፣ የቆሰለውንና የሞተውን በደብተር ይጽፋል፤ ባለዕቃው በመኪና ይከፍለዋል። ከጎኑ ገመድና የጨው ድንጋይ ይሸጣል፤ ድርቆሽም በእስር። እናንተም ተጠቀማችሁ፤ በማራገፊያ ላይ «አንድ ጎድሎብኛል» የሚለው ጭቅጭቅ መቀነሱን ሾፌሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ልጅቷ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ተመለሰች፤ ከዓመት እኩዮቿ ወደኋላ ቀርታ።

ሁሉም አልተሳካም። በክረምቱ ጭቃ ሰው ሠራሽ እግሩ እየላጠው ለሦስት ሳምንት ሥራ አልገባም። ሁለት ነጋዴዎች ለብዙ መኪና ሳይከፍሉት ቆዩ፤ እሱ ደግሞ ባለውለታዎቼ ናቸው ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል። አንድ ሌላ ሰው በደግነት ስምንት ፍየል በዱቤ ሰጥቶት ነበር፤ ገበያው ወረደና ዕዳ ውስጥ ገባ። እንዲህ ላለ ቤት ዱቤ አትስጡ። የዋጋ መውረድን እናንተ በሚቀጥለው መኪና ታካክሱታላችሁ፤ እሱ ሚቀጥለው መኪና የለውም።

የቀሩት ሁለት ፍየሎች የት ገቡ? በርቢ ተሰጡ። አሠራሩን ከአገር ቤት የምታውቁት ነው፦ ጠባቂው ይጠብቃል፣ ግልገሉን ለሁለት ይካፈላሉ። ጉልበት ለሌለው ቤት እንስሳ መስጠት ግድ ከሆነ የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። ቦረናዎች በቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ላለቀበት ወገናቸው ከብት ሲሰጡ የኖሩት ከጠባቂና ከግጦሽ ጋር አብሮ በሚኖር ማኅበረሰብ ውስጥ ስለሆነ ነው። ጁባ ላይ ያ ማኅበረሰብ በውል መሠራት አለበት።

እድራችን ለሞተ ይከፍላል

የጁባ እድሮቻችን ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለው፣ ለቀስተኛ አብልተው፣ አስከሬን አገር ቤት ይልካሉ። እግሩ ለተቆረጠ ግን ደንባቸው ላይ መስመር የላቸውም፤ ባርኔጣ ይዞራል እንጂ። ባርኔጣ የሚዞረው ደግሞ አደጋው ትኩስ እያለ ነው፤ የቤተሰቡ የከፋ ጊዜ የሚመጣው ከሦስተኛው ወር በኋላ፣ ጠያቂ ሲያልቅ ነው።

ሀጂና ጥቂት ነጋዴዎች የያዙት ሐሳብ ይህ ነው። ሃያ ነጋዴ በየአራት ወሩ የአንድ ፍየል ዋጋ ቢያስቀምጥ በዓመት የ60 ፍየል ዋጋ ይሆናል፤ በእኛ ሂሳብ ሦስት ቤተሰብ ያቋቁማል። ገንዘቡ በፓውንድ ተቀምጦ እንዳይሟሟ በርቢ የሚሰጥ የማኅበር መንጋ ይሁን የሚሉ አሉ፤ በዶላር ይቀመጥ የሚሉም አሉ። እኔ ከፊሉ በዶላር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሰው ሌሊት ሲቆስል ፍየል ገበያ አይከፈትምና። ክፍያው በአንድ ጊዜ እንዳይሰጥና በየወሩ እንዲከፋፈል፣ አንድ ሰውም በየሁለት ሳምንቱ ቤቱ ድረስ እንዲሄድ ተስማምተዋል። የሚሄደው ማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም። ስብሰባው ሲጠራ ረዳቱ ራሱ ይመረጥ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ደብተር መያዝ ያውቃል፣ በተዘጋ የቡና ቦታ በኩል ሲያልፍም ምን እንደሚያይ ያውቃል።